ሲዶናን ያላየ ሲዶናዊ

ስለ ዞጲሮስ የሚያወራ ሰው ሁሉ «ልጁን የሸጠው ድንጋይ ጠራቢ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ምላሳቸው ይታሰር! መሸጡንስ ሸጧል፣ አልክድም። ግን ለማን እንደሸጠና ለምን እንደሸጠ ሳይናገሩ ወሬውን ከመሃል ገምጠው ሲሮጡ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ አዋላጅ ነኝ። ነገር እንደ ሕፃን በጭንቅላቱ ካልወጣ ችግር እንደሚያመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ቤቴ ሬኔያ ነው፣ ከዴሎስ ፊት ለፊት፣ ከጠባቡ ባሕር ማዶ። ዴሎስ የአምላካችን የአፖሎን ደሴት ስለሆነች እዚያ መውለድም መሞትም ክልክል ነው። ምጥ የያዛት ሁሉ በጀልባ ተጭና ወደ እኔ ትመጣለች። ማጣጣር የጀመረም እንዲሁ። ባሌ ቀዛፊ ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ባንደኛው ክፍል ሰው ይመጣል፣ በሌላኛው ሰው ይሄዳል። የአቴንስ ሰው ልጅ፣ የሮም ሰው ልጅ፣ የሶርያው፣ የግብጹ፣ የባሪያይቱም ልጅ በእነዚህ እጆቼ ላይ ወድቋል። እትብቱ ላይ የአገሩ ስም የተጻፈበት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሁሉም ሲወጣ ደም ለብሶ እያለቀሰ ነው። ስም የሚያወጡለት ኋላ ነው፣ ጣጣውም ያኔ ይጀምራል።

ዞጲሮስን ያወቅሁት ምጥ የያዛት ሚስቱን ይዞ የተሻገረ ዕለት ነው። ልጁ በደህና ወጣ፣ የእናቱ ደም ግን አልቆም አለ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። አልሆነም። ያ ሰው በአንድ እጁ ልጁን ታቅፎ፣ በሌላው የሚስቱን እግር ጨብጦ፣ እግሩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። ልጁን ፊሊስኮስ አለው። ሌላ ሚስት አላገባም። ልጁን ያሳደግነው እኔና የፍየል ወተት ነን ብል ውሸት አይሆንብኝም። «እማ ቢቶ» ነበር የሚለኝ።

ዞጲሮስ ሥራው የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም መቅረጽ ነበር። የዴሎስ ሙታን ሁሉ የሚቀበሩት እኛ ዘንድ ስለሆነ፣ ድንጋዮቹን እያስጫነ በየጊዜው ይሻገራል፣ ቤቴ አረፍ ብሎ ወይራና ዳቦ ይቀምሳል። ስም ስለመጻፍ የማውቀውን ሁሉ ከሱ ነው የሰማሁት። የአቴንስ ዜጋ ሲሞት ድንጋዩ ላይ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ከዚያ የቀበሌው ስም ይቀረጻል። ቀበሌው ማለት አባቶቹ የተመዘገቡበት ነው። ሰውዬው በሕይወቱ አንድ ቀን ረግጦት ባያውቅም የሱ ነው። የሮም ሰው ሲሞት ሦስት ስም ተደርድሮ ይሄዳል። ለመጻተኛ ስሙና የመጣበት ከተማ ይጻፍለታል። ለባሪያ ደግሞ ስሙ ብቻ ይቀረጽና ከሥሩ «ደግ ሰው፣ ደህና ሁን» ይባልለታል። ዞጲሮስ «ደግነት የሚጻፍለት ሌላ የሚጻፍለት ሲታጣ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

እሱ ራሱ መጻተኛ ነበር። አያቱ ከሲዶና ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬዎስ መጣ። አባቱ ፒሬዎስ ተወለደ። እሱም እዚያው ተወለደ። ኋላ አቴንስ ዴሎስን ስትይዝ ሥራ ፍለጋ ወዲህ መጡ። ሲዶናን በሕልሙም አላያትም። ከቋንቋዋ አንዲት ቃል እንኳ አያውቅም። የአቴንስ ሹም ፊት ሲቆም ግን «ሲዶናዊው ዞጲሮስ» ነው። የራሱ ቤት ሊኖረው አይፈቀድለትም። ለመኖሩ ግብር ይከፍላል። ሙግት ቢገጥመው ዋስ የሚሆነው የአቴንስ ሰው ካልፈለገ አፉን አይከፍትም። በበዓል ሰልፍ ዜጎቹ የመሥዋዕቱን ከብት ሲነዱ፣ እሱ ማርና ቂጣ የሞላበት ትሪ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ታዲያ ትሪዋን እንዴት ቀጥ አድርጎ እንደሚይዛት ብታዩ! ዜጎቹ እየጠጡ እየተንገዳገዱ ሲሄዱ እሱ ካፏ አንዲት ጠብታ ማር አያፈስም። በሕግ ማክበር እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። ዜጋ ሕጉ የራሱ ስለሆነ ይቀልድበታል። የሰው ሕግ ውስጥ የሚኖር ግን መቀለድ አይችልም።

ሚኪዮን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ልጆች ሳሉ ፒሬዎስ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱ የባሕር ሽፍቶች መጡ። ዞጲሮስ ሮጦ አመለጠ፣ ሚኪዮን ተያዘ። ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ ሙሾ አወጣለት። ልጁ ግን አልሞተም። ዴሎስ ገበያ ላይ አውሎስ ቱኪዮስ የሚባል ሮማዊ የዘይት ነጋዴ ገዝቶት ወደ ጣልያን ወሰደው። ንግድ አስተማረው፣ ወደደው፣ በመጨረሻም የሮም ሹም ፊት አቅርቦ ነፃ አወጣው። የሹሙ ሰው የነፃነቱን በትር ራሱ ላይ አሳረፈ፣ አለቀ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሮማውያን ነገር የሚገርመው። እኛ ግሪኮች ባሪያ ነፃ ስናወጣ «በል ሂድ» ነው የምንለው። ሄዶም መጻተኛ ነው፣ ልጁም መጻተኛ ነው። እነሱ ሲያወጡ ግን ዜጋ ያደርጉታል። ስማቸውን ያለብሱታል። ሚኪዮን ጎልማሳ ሆኖ ዴሎስ ላይ የጌታውን ንግድ ሊመራ ሲመለስ አውሎስ ቱኪዮስ ሚኪዮን ነበር፣ ነጭ መጎናጸፊያውን እንደ ሹም እየጎተተ።

ወንድማማቾቹ ሲገናኙ የነበረውን ልቅሶ ተዉት። ወደቡ ሁሉ ነው የቆመው። ሚኪዮን ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ወንድሙንና ፊሊስኮስን አገኘና እንደ ቤቱ ተጠጋቸው። ሳቂታ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ነገር ካልነካካ አያስችለውም። ወይን ሲቀማምስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ እኔን ሽፍታ ሰረቀኝና ዜጋ ሆንኩ። አንተ ሮጠህ አመለጥክና ይኸው ሲዶናዊ ሆነህ ቀረህ። ምናለ ያኔ ባትሮጥ?»

ዞጲሮስም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን አየዋለሁ። ሳቁ ዓይኑ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ነገሩ የመጣው ፊሊስኮስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። አብሮት ያደገ ቴሌሲያስ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር። ከአንድ ሳህን በልተው፣ ባንድ ምንጣፍ ተኝተው ነው ያደጉት። አባቱ የአቴንስ ሰው ነው። የዚያ ልጅ አባት ልጁን ይዞ ቀበሌው ሊያስመዘግበው ወደ አቴንስ ተሳፈረ። ተመልሶ ሲመጣ ልጁ ጋሻና ጦር ይዞ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ በሌላ አረማመድ ነበር የሚሄደው። ፊሊስኮስ ሊያቅፈው ሄደ። ቴሌሲያስም አቀፈው፣ ክፉ ልጅ አልነበረም። ግን ከሱ ዓይነቶቹ ጋር ዜጎች ብቻ ወደሚገቡበት የመለማመጃ ሜዳ ገባ፣ ፊሊስኮስ በሩ ላይ ቀረ። ያን ቀን ቤት መጥቶ አባቱን ሲዶና የት ነው ብሎ ጠየቀው። ዞጲሮስ በእጁ ወደ ምሥራቅ አመለከተ። ስንት ቀን ያስኬዳል አለው። አላውቅም አለ። ታዲያ የማናውቀው አገር ሰዎች እንዴት ሆንን ሲለው አባትየው መሮውን አንሥቶ ያላለቀ ድንጋይ ይቆረቁር ጀመር። ይሄን ያጫወተኝ ፊሊስኮስ ራሱ ነው፤ ያኔ እየሳቀ ነበር የሚያወራው፣ ገና ልጅ ነው።

አባትየው ግን አልሳቀም። በማግስቱ ሚኪዮን ዘንድ ሄዶ ልጄን ሮማዊ የማደርግበት መንገድ አለ ወይ አለው። ሚኪዮን አሰበና አንድ መንገድ ብቻ አለ አለ። ሮም ለነፃ መጻተኛ የምትከፍተው በር የላትም። የሮማዊ ባሪያ የነበረ ግን ነፃ ሲወጣ ዜጋ ይሆናል። ስለዚህ ፊሊስኮስን ለእኔ ሽጥልኝ፣ ቀጥሎ ወደ እስያ የሚሻገረው የሮም ሹም ዴሎስ ሲያርፍ አቀርበዋለሁ፣ በትሩ ያርፍበታል፣ በቃ፣ ያንተ ልጅ ሮማዊ ነው አለው። በጣልያን ያሉ የሮም ጎረቤት ከተሞች ሰዎችም ልጆቻቸውን እንዲህ እያደረጉ ነው ብሎ አከለበት። ሽያጩ ለስሙ ያህል ነው፣ ልጁ እዚያው ቤቱ ይተኛል፣ እዚያው ይበላል።

ይሄን ሰምቼ ባሌን ቅዘፍ አልኩና ተሻገርኩ። ዞጲሮስ ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት።

«አብደሃል?» አልኩት። «ልጅ እንደ ገንቦ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል?»

«የማስተላልፈው ለወንድሜ ነው፣ ቢቶ።»

«ለወንድምህ አይደለም። ለሮም ሕግ ነው። ሕጉን ታውቀዋለህ?»

መሮውን አስቀመጠ። የድንጋይ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ነበር። «የአቴንስን ሕግ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ሦስት ትውልድ አከበርነው፤ አንድ ቀን ዘወር ብሎ አላየንም። እኔ የሰዎችን ቀበሌ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጣቴ የሁሉንም ቀበሌ ስም ያውቃል። ልጄ እንደኔ እንዳይሆን ነው። አንድ ቦታ ገብቶ ‹የዚህ ነኝ› ሲል የሚያስወጣው እንዳይኖር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ምን ልበለው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ እሱ ደግሞ ከስም ጋር የኖረ ሰው ነው። ያለኝን ብቻ ነገርኩት፤ እኔ እዚያ ሽያጭ ላይ አልገኝም አልኩት፣ ተመልሼ ሄድኩ።

በሽያጩ ቀን ገበያው ላይ ድግስ ነበር ይላሉ። ሚኪዮን ለይስሙላ አንዲት የመዳብ ሳንቲም ለወንድሙ ሰጠ። ዞጲሮስ ተቀበለ። ፊሊስኮስ ራሱ «ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ይመለሳል ወይ?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ሚኪዮን የልጁን አፍ እንደ በቅሎ ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ ጡንቻውን ጨበጠው፣ ይበላል ግን አይሠራም አለ። ጎረቤት ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የሮም ሹም ጸደይ ላይ ይመጣል ተባለ። ጸደይ አለፈ። በሮም ነገር በዝቶበት ዘግይቷል፣ በበጋ ይደርሳል ተባለ። ፊሊስኮስ እንደ ድሮው ከአባቱ ጋር እየኖረ፣ ለአጎቱ ዘይት እየቀዳ፣ ሦስቱን ስሞቹን በልቡ ይለማመድ ነበር። እኔ ቤት መጥቶም «አውሎስ ቱኪዮስ ፊሊስኮስ፣ እማ ቢቶ፣ ያምርብኛል?» ብሎኛል። ረዘመብህ፣ ጠርተንህ እስክንጨርስ እራቱ ይቀዘቅዛል አልኩት። እሱ ሲስቅ እኔም ፍርሃቴን እየረሳሁ መጣሁ።

የበጋው እኩሌታ ላይ ሚኪዮን በትኩሳት ወደቀ። አንድ ቀን ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሙን ጠርቶ ሮማውያኑን ሰብስብልኝ፣ ልናዘዝ አለው። በሮም ሕግ ጌታ ሲሞት በኑዛዜው ባሪያውን ነፃ ማለት ይችላል። ኑዛዜው ግን የሚጸናው ሮማውያን ምስክሮች ፊት ቆመው ሲሰሙ ነው። ከዘይት ገበያው እነሱን ጠርቶ ለማምጣት ጥቂት ጊዜ ይበቃ ነበር።

ዞጲሮስ ግን የወንድሙን ፊት አየ። ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ ስንት ሬሳ ባጠገቡ አልፏል። ወንድሙ የአፖሎን ደሴት ላይ ቢሞት ደሴቲቱ ትረክሳለች። የሞተበት ቤት ይረክሳል፣ ሰዎቹ ይባረራሉ። የአቴንስ ሰው ቢሆን ኖሮ «ትንሽ ቆይ» ይል ነበር። ስንቱን ዜጋ ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ደርሳ፣ ቤተሰቦቹ ደብቀው፣ ከሞተ በኋላ «መንገድ ላይ ነው ያረፈው» እያሉ እኔ ዘንድ አምጥተውልኛል! እኔ አውቃለሁ፣ ባሌም ያውቃል፣ አፖሎንም ሳያውቅ አይቀርም። ዞጲሮስ ግን መጻተኛ ነው። ሕግ ጥሶ አያውቅም። መጀመሪያ እንሻገር፣ ሮማውያኑ ከኋላችን ይከተሉናል አለ። ፊሊስኮስን እነሱን እንዲጠራ ልኮ፣ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ወደ ባሌ ጀልባ ወረደ።

እነሱ መሃል ባሕር ሲደርሱ የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ። የበጋውን ሰሜን ነፋስ የማያውቅ ይጠይቅ። ጀልባዋ እንደምንም ደረሰች፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሊሻገር አልቻለም። ማዶ ላይ ነጭ መጎናጸፊያ የለበሱት ሮማውያን ከፊሊስኮስ ጋር ወደቡ ላይ ቆመው ይታዩኝ ነበር። ቅርብ ነው እኮ፣ ቢጮኹ የሚሰማ ይመስላል። ሚኪዮን መጡ ወይ ይላል፣ ዞጲሮስ እየመጡ ነው ይለዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲባባሉ ዋሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚኪዮን አእምሮው ተመለሰ። ክንዴን ያዘ፣ ባሌንም እንድጠራው ጠቆመኝ።

«ስሙኝ» አለ። «የወንድሜ ልጅ ፊሊስኮስ ነፃ ነው። አልኩ። ሰምታችኋል?»

ሰምተናል አልነው። ዞጲሮስ ተንበርክኮ እጁን ሳመው። እኛ ዘንድ ይሄ ይበቃል። ሰው በመሠዊያ ፊት ወይ በጎረቤት ፊት «ነፃ ነው» ካለ ነፃ ነው። እኔም አፖሎንን ጠርቼ መሰከርኩ። ሚኪዮን ተረጋጋና በዚያው አንቀላፋ። ሳይነጋ አረፈ።

ቀብረነው ነፋሱ ሲተኛ ዞጲሮስ እኔንና ባሌን አስከትሎ የሚኪዮን የድሮ ጌታ ዘንድ ሄደ። አውሎስ ቱኪዮስ በዚያ ዓመት ዴሎስ ነበር። ሸምግሏል። አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ በለስ እየላጠ ነበር። ክፉ ሰው መስሎ ቢታየኝ ኖሮ በቀለለኝ። ስለ ሚኪዮን አለቀሰ፣ ከምሩ ነው፣ እንባው በለሱ ላይ ጠብ ብሏል። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ጠየቀ።

«ሚኪዮን ልጅ ነበረው?»

«አልነበረውም፣ ጌታዬ» አለ ዞጲሮስ።

«ሮማውያን ፊት የተናዘዘው ነገር አለ?»

«እነዚህ ሰምተዋል፣ ጌታዬ። ልጁ ነፃ ነው ብሏል።»

ሽማግሌው እኔንና ባሌን ከላይ እስከ ታች አየን። የእኛ ጆሮ ለሮም ጆሮ አይደለም። ረጋ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያስተምር፣ አስረዳን። ነፃ ያወጡት ሰው ያለ ልጅና ያለ ኑዛዜ ከሞተ ያለው ሁሉ ወደ አወጣው ጌታ ይመለሳል። ስሙን የሰጠው ሰው አባቱ ማለት ነውና። ሚኪዮን ደግሞ ያለው ዘይት፣ ገንቦ፣ አንዲት ጀልባ፣ እና አንድ ባሪያ ነው።

ዞጲሮስ መሬት ላይ ወደቀ። ሽያጩ የይስሙላ ነበር፣ ገበያው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም ሲስቅ ነበር አለ። ሽማግሌው ግንባሩን ቋጠረ። አቴንስ ልጅ መሸጥ ትከለክላለች አይደል፣ ሂድና ለሹማቸው «ልጄን በይስሙላ ሸጬ ነበር» በለው አለው። ለዞጲሮስ ሄዶ መናገር ማለት በራሱ ላይ መፍረድ ነው። ለዚያውም ዋሱ አብሮት ካልቆመ አይሰማም፣ ዋሱ ደግሞ ወሬውን ገና ከሩቅ ሲሰማ ስሜን እንዳታነሣ ብሎ ልኮበታል።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «ጌታዬ፣ ያን ልጅ ያዋለድኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ነፃ ሆኖ ነው የወጣው። ሲወጣ አይቻለሁ።»

«አምንሻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምኖኛል። «ደህና ካገለገለኝ እኔም ነፃ አወጣዋለሁ። እኛ እንደ እናንተ አይደለንም፣ ነፃ ያወጣነውን ደጅ አናሳድርም፣ ቤታችን እናስገባዋለን። አባቱ የፈለገው ይሄንን አይደል? ያገኘዋል። ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።»

ቀናነቱ ነው ያቃጠለኝ። ልተፋበት ምራቄን ሰበሰብኩ፣ ባሌ ክንዴን ጎተተኝ።

ፊሊስኮስን በመከር መግቢያ ወደ ጣልያን ጫኑት። ወደቡ ላይ ዞጲሮስ ሊያቅፈው ሲጠጋ የቱኪዮስ ሰዎች አልከለከሉትም። ልጁ ራሱ ነው እጁን ያላነሣው። አባቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም፣ መርከቡ ላይ ወጣ። ያቺ ዝምታው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለች። ዞጲሮስ ልጄ አልተሰናበተኝም እያለ አንድ ክረምት ሙሉ ራሱን በላ። ማን ይመልስለት? ሸጬሃለሁ ተብሎ የተሳቀበት ልጅ፣ ሳቁ ሲያልቅ ሽያጩ ጸናበት። ሌላ ምን ይላል?

ከዚያ ብዙ ዓመት ሄደ። ዞጲሮስ ከጣልያን የመጣ መርከብ ባየ ቁጥር ይጠይቃል። አንዳንዱ ደህና ነው ይለዋል፣ አንዳንዱ አላውቀውም ይለዋል። ነፃ ወጥቷል የሚል ወሬም መጣ፣ ዞጲሮስ ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ወይን አጠጣ፣ ሰዎቹ ጠጡለትና ከኋላው «ልጁን የሸጠው» አሉት። የሰው ነገር! ዓይኑ ሲደክም መሮውን ለሌላ ሰው ሸጠ። ጉልበቱ ሲዝል ደግሞ አንድ ቀን ምንጣፉን ጠቅልሎ ተሻግሮ መጣብኝ። ሳልታመም ልምጣ ብዬ ነው፣ አለኝ፣ ኋላ ለሕጉ እንዳንቸኩል። እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። ባሌ ሞቶ ብቻዬን ስለነበርኩ ደስ አለኝ። በሬ ላይ ተቀምጠን ባቄላ እየፈለፈልን እንውላለን።

ልጁ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ነጭ መጎናጸፊያ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው፣ ሚስቱንና አንድ ትንሽ ልጁን ይዞ ከጀልባ ወረደ። የአጎቱን መቃብር ሊያይ ነው የመጣው። ሽማግሌው ቱኪዮስ ከሞተ ቆይቷል፣ ንግዱን የሚያስኬደው ይሄ ሰው ነው። እኔ በአረማመዱ አወቅሁት። የዞጲሮስ ዓይን ግን ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳየውም፣ ፊቱ እስኪቆም ድረስ አላወቀውም።

«እንደምን ዋሉ?» አለው ፊሊስኮስ።

እርስዎ አለው። ያ «አባዬ ና፣ አባዬ ተው» የሚለው ልጅ። ዞጲሮስ ቃሏን ሰማት፣ ፊቱ ላይ አየኋት። ቢሆንም ሊነሣ ታገለ፣ አልቻለም፣ እጁን ብቻ ዘረጋ። ፊሊስኮስ እጁን ጨበጠውና ቆመ።

«ያን ቀን ገበያው ላይ ሁላችሁም ስቃችሁ ነበር» አለ ፊሊስኮስ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «እኔም ስቄያለሁ። አልረሳሁትም።» ከዚያ ማንንም የተቀየመ ሳይመስል አጎቴ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ሚስቱን ይዞ ወደ መቃብሩ ወጣ።

ትንሹ ልጅ ቀረ። የባቄላውን ገለባ እያየ ወደ ዞጲሮስ ተጠጋ። ዞጲሮስ ባቄላ ሰጠው፣ ልጁ በላ። ስሙን ጠየቀው። ልጁ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ፣ አውሎስ ቱኪዮስ፣ የአውሎስ ልጅ ነኝ አለ። ከባርነት ያልወጣ፣ ዜጋ ሆኖ የተወለደ፣ ማንም ከየትም የማያስወጣው።

ዞጲሮስ ወደ እሱ ጎንበስ አለ። «አያትህስ?» አለው። «አያትህ ማን ይባላል?»

«አያት የለኝም» አለ ልጁ። «አባቴ ነፃ የወጣ ነው። ነፃ የወጣ ሰው በሕግ አባት የለውም። አስተማሪዬ ነው የነገረኝ።»

ልናገር ነበር። አፌን ከፍቻለሁ። ዞጲሮስ ጉልበቴን ጫን አድርጎ ያዘኝ።

«ልክ ነው አስተማሪህ» አለው። «ጎበዝ ልጅ ነህ። እስቲ ስምህን አንዴ ደግሞ በልልኝ።»

ልጁ ጮክ አድርጎ ደገመለት። ከዚያ አባቱ ጠራው፣ ሮጠ፣ ጀልባዋ ውስጥ ገቡ፣ ሄዱ። ፊሊስኮስ አንዴ ዞር ብሎ አይቶናል፣ ልዋሽ አልፈልግም። ግን አልተመለሰም።

«ዜጋ ነው፣ ቢቶ» አለኝ ዞጲሮስ።

«ዜጋ ነው» አልኩት።

እያለቀሰ ነበር፣ እኔም እያለቀስኩ ነበር። ያልተፈለፈለው ባቄላ እስኪመሽ እዚያው ጭናችን ላይ ቀረ።